የጋሼ ሰረቀብርሃን ዋስ

«ሞቷል» አለች እህተማርያም፣ በሩን በአንድ ዓይኗ ልክ ከፍታ።

በሩ ላይ የቆመው ቀይ ጢማም ሰውዬ ከመግቢያው ምንጣፍ ጎን ወደተቀመጠው ትልቅ የወንድ ጫማ ተመለከተ። ከዚያ የሹራብ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና «አይ አም ሶ ሶሪ» አለ። ከልቡ ነው ያዘነው። የጠየቃት እኮ እቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ መራጭ አለ ወይ ብሎ ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ ያየችው ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅና እጁ ላይ ያለውን ታብሌት ነው። በዚህ ሰሞን ባጅ አንጠልጥሎ በር እያንኳኳ «ሌላ ማን አለ?» የሚል ሰው ለኢሚግሬሽን ሰው ሊወስድ እንደመጣ በሚኒሶታው ፍሮግታውን ሰፈር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ስለዚህ ጫማውን ሲያይባት ጊዜ የጫማውን ባለቤት እዚያው ገደለችው።

«ታዲያ ብቻዎን ነው የሚኖሩት?»

«ብቻዬን!»

በዚህ መሀል ከመታጠቢያ ቤቱ ኃይለኛ ሳል ተሰማ። ሟቹ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ቲቪ ነው» አለች።

ሰውዬው ታብሌቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሰጣት፤ ራሷን እንድትጠብቅ መክሯት ሄደ። እህተማርያም ሁለቱንም ቁልፍ ቆልፋ፣ ሰንሰለቱንም አስገብታ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

ጋሼ ሰረቀብርሃን ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ መላጫቸውን ይዘው ብቅ አሉ። የሟች ባለቤቷ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ሰባን ዘለል ያደረጉ፣ በር ሲያልፉ ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሰው።

«ማነው የሞተው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«ምን አሞኝ?»

«እንጃ፤ እሱን አልጠየቀኝም።»

ጋሼ ሰረቀብርሃን ወረቀቱን ከእጇ ወስደው ከአፍንጫቸው አስጠግተው አዩት። ሲጨርሱ እሷን ደግሞ ያንኑ ያህል ጊዜ ወስደው አዩአት።

«አንቺ ሰው፣ ይኼ የምርጫ ቀስቃሽ ነው እኮ። የዚህ የአውቶቡሱ ሰውዬ ቀስቃሽ።»

እውነታቸውን ነው። የሰፈሩ የምክር ቤት ተወካይ የነበረው ሰው የተሻለ ሥራ አግኝቶ፣ ጊዜው ሳያልቅ ወንበሩን ጥሎ ሄዷል። ስለዚህ በማግስቱ ማክሰኞ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ለአንዲት ወንበር ብቻ የማሟያ ምርጫ ነበር። አንደኛዋ ተወዳዳሪ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ፋርማሲ ያላት ሴት ናት፤ ሌላው የትምህርት ቤት አውቶቡሶች የሚያሠማራ ሰውዬ። የማሟያ ምርጫ ደግሞ ብዙ ሰው አይወጣለትም፤ ሰው ሲያንስ እያንዳንዷ ድምፅ ትወደዳለች፤ ቀስቃሾቹ በዚያ በረዶ ደረጃ ለደረጃ የሚዳክሩት ለዚህ ነው።

ጋሼ ሰረቀብርሃን ዜግነታቸውን ያገኙት ባለፈው በጋ ነው። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ መርጠዋል፣ አገር ቤት። ያኔ የቀበሌው ሰውዬ ክንዳቸውን ይዞ ወረቀቱን አብሯቸው ሳጥን ውስጥ ከተተ። «እስከ ዛሬ የመረጠው ክንዴ ይሁን እኔ አላውቅም» ይላሉ ሲያወሩት። ስለዚህ የዚህን የማሟያ ምርጫ ነገር እንደ ሠርግ ነበር የያዙት። የሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ወረቀት ከትራሳቸው ሥር አኑረው፣ አንድ ቀን ባለ ፋርማሲዋ የደም ግፊቱን መድኃኒት ሳትቸኩል እንዳስረዳቻቸው፣ አንድ ቀን ደግሞ ባለ አውቶቡሱ በረዶ ውስጥ የተቀረቀረ የሰው መኪና በነፃ ሲጎትት እንዳዩት እያነሡ ይመዝኑ ነበር።

«እኔ ነገ ልመርጥ ነው፤ አንቺ ዛሬ ቀበርሽኝ» አሉ አረፋቸውን እየጠረጉ። «ለማንኛውም እንኳን ነገሩ ተነሣ። ነገ አብረሽኝ ትመጫለሽ።»

«እኔማ እመርጣለሁ።»

«ለመምረጥ አይደለም። መታወቂያዬ አሁንም የድሮ ቤቴን፣ የሴዳር ሪቨርሳይዱን ፎቅ ነው የሚያሳየው።»

ይህም እውነት ነው። እዚያ ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ልጅቷ ወደ ሲያትል ስትዛወር፣ በመስቀል ሰሞን፣ አንድ ሻንጣ ይዘው እህተማርያም ዘንድ ገቡ። ኪራዩም፣ መብራቱም፣ ኢንተርኔቱም በእሷ ስም ነው። ጋሼ ሰረቀብርሃን በዚህ ቤት መኖራቸውን የሚመሰክር ነገር ቢኖር ያ ጫማ ብቻ ነው።

«ጠይቄያለሁ» አሉ። «እዚሁ ሰፈር የተመዘገበ መራጭ አብሮኝ መጥቶ፣ ይኼ ሰው እዚህ ይኖራል ብሎ ከማለ ይበቃል። ሕጉ እንደዚያ ነው። አንቺ ዋስ ትሆኚኛለሽ።»

እህተማርያም ወንበር ፈለገች።

አባቷ ጉለሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሷ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ጎረቤታቸው ታሰረ፤ አባቷ ጣቢያ ሄደው ዋስ ሆነው አስፈቱት። ሰውዬው ሳምንት ሳይሞላው ደብዛው ጠፋ። ከዚያ በር ተንኳኳ። አባቷን ከስፌት መኪናው ላይ አስነሥተው፣ ሜትሩ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ወሰዷቸው። ክረምቱ ወጥቶ ሲመለሱ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር፤ ሰው በስማቸው ሲጠራቸው መጀመሪያ የሚያዩት በሩን ነው። እናቷ ከዚያ ወዲያ እቤት ውስጥ ዋስ የሚለውን ቃል ላነሣ ሰው ምሳ አልሰጥም አለች፤ አልሰጠችምም።

እና እህተማርያም ዋስ ሲባል የሚገባት ይኼ ነው። ሰውዬው የት እንደሚኖር መናገር አይደለም። ሰውዬው ለሚያደርገው ሁሉ በገላህ መጠየቅ ነው።

«ላስብበት» አለች።

ያሰበችው በስልክ ነው፤ ዱሉዝ ከተማ ነርስ ለሆነችው ልጇ ለቤዛዊት ደውላ።

«ማሚ፣ ኢትስ ናቲንግ» አለቻት ቤዛዊት። «እዚህ ይኖራል ነው የምትዪው። ዛትስ ኢት።»

«ሌላ ነገር ቢያደርጉስ?»

«ላይክ ምን?»

«ሰው ቢገድሉስ?»

«ማሚ! ጋሼ ሰረቀ? ቲቪ ላይ ኮሜርሻል እያዩ እኮ ነው የሚያለቅሱት።»

«እንደው ለነገሩ ነው።»

«ጀስት እንዳትዋሺ፣ ኦኬ? ኦዝ ነው፣ መሐላ፤ ከዋሸሽ ፌሎኒ ነው፣ ከባድ ወንጀል። ላቭ ዩ፣ ባይ።»

ልጅ እንዲህ ናት፤ እሳቱን ጭራ፣ ሳምኩሽ ብላ ትዘጋለች። እህተማርያም ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ፌሎኒ። እሷ እኮ ዋሽታ ጨርሳለች! ያውም ሰውዬው በታብሌት እየመዘገበ። አንደኛው ጋ ሞተዋል፣ ሌላው ጋ ይኖራሉ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ቀን የሆነ ቢሮ ውስጥ፣ የሆነ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ታያት። ያን ሁሉ ፈተና ተፈትና፣ እጇን አንሥታ ያገኘችው ዜግነቷ ከላይዋ ሲገፈፍ ታያት።

እንቢ ልትል ተነሣች። ሳሎን ስትገባ ጋሼ ሰረቀብርሃን ክራባት ይተኩሳሉ። ክራባቱን ገልብጠው፣ ቀጭን ጨርቅ ጣል አድርገውበት፣ ካውያውን በአንድ ጣት ጫፍ እየሞከሩ። ተመልሳ ገብታ ተኛች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

ጠዋት መኪናው እስኪሞቅ ድረስ ውስጡ ተቀምጠው፣ እህተማርያም የዋስትናዋን ግዴታ ታስገባቸው ጀመር።

«ጋሼ፣ እኔ ከፈረምኩ በኋላ በቀይ መብራት አያቋርጡም።»

«እሺ።»

«ከማንም ጋር አይጨቃጨቁም። ሳይነግሩኝ ከከተማ አይወጡም።»

«የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው? እኔ የማውቀው ፋርማሲና ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ባቡር ላይ ሳይከፍሉ አይሳፈሩም።»

እዚህ ላይ ጋሼ ሰረቀብርሃን የመኪናውን መስኮት ማየት ጀመሩ።

«ጋሼ?»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«አላሉም።»

«እንግዲህ አሁን አልኩ።»

ምርጫው የሰፈሩ መዝናኛ ማዕከል የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር። ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ አንዲት አስፈጻሚ ሹራብ እየሠራች ነው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ደረቷ ላይ ገላኔ የሚል ስም ለጥፋለች። ሲገቡ አይታ በአማርኛ «አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ» ስትላቸው እህተማርያም ትንሽ ትንፋሽ አገኘች። ጉዳዩን ነግራት፣ ያመጣችውን ፋይል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የዜግነት ወረቀቷ፣ የኪራይ ውሏ፣ የደሞዝ ወረቀቷ፣ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አምና ያጻፈችው ደብዳቤ።

«ይኼ ሁሉ ምንድነው እናቴ?»

«ዋስ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«የሥራ ደብዳቤ አያስፈልግም። ተመዝግበዋል፣ ይበቃል። ቃለ መሐላ ብቻ ነው።»

«ደሞዜን አትጽፉም?»

«አንጽፍም።»

ገላኔ ይህን ያለችው እፎይ ትላለች ብላ ነው። እህተማርያም ግን ባሰባት። የዋስ ደሞዝ የሚጻፈው እኮ ነገሩ ሲበላሽ ከደሞዙ እንዲያዝ ነው። ደሞዟን ካልፈለጉ ምኗን ሊይዙ ነው? ራሷን ነዋ! ወረቀቶቿን ስትሰበስብ አንዱ ወደቀባት። ልታነሣ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል፣ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አየች። ቀይ ጢም አለው።

ሰውዬውም አያት። አስታወሳት፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በሐዘን ራሱን ነቀነቀላት። ከዚያ ዓይኑ ከእሷ ጎን ወደቆሙት ረጅም ሽማግሌ ሄደ። ከራሳቸው ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ ጫማቸው ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመ።

«ያ ማነው?» አለች እህተማርያም፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።

«የአንደኛው ተወዳዳሪ ወኪል ነው» አለቻት ገላኔ። «መራጭ ማናገር አይችልም። የሚያውቀው ስሕተት ካለ ግን ለዋናዋ አስፈጻሚ ያመለክታል።»

«መኪና ውስጥ የረሳሁት ነገር አለ» አለችና፣ ጋሼ ሰረቀብርሃንን በኮታቸው እጅጌ እየጎተተች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«እሱ ነው! የትናንቱ! ሞተዋል ብዬ የነገርኩት!»

ጋሼ ሰረቀብርሃን በበሩ መስታወት አጮልቀው አዩ።

«ደህና ሰው ይመስላል።»

«ጋሼ፣ ይወስዱኛል። እዚያ ገብቼ ይኖራሉ ብዬ ስምል፣ እሱ ሞተዋል ብላኛለች ይላል። ፌሎኒ ነው። ቤዛ ነግራኛለች። ወረቀቴን ይነጥቁኛል፤ ከዚያ ምን እሆናለሁ?»

ሽማግሌው ፊቷን ደህና አድርገው አዩት። ትናንት ሲቀልዱ የነበሩት ሰውዬ ጠፉ።

«እንሂድ» አሉ። «ተይው። እስከ ዛሬ ሳልመርጥ ኖሬያለሁ፤ ሁለት ዓመት ቢጨመርበት የሚሰማኝም አይመስለኝ። ነይ፣ ብርድ ሳይመታሽ።»

ጓንታቸውን አንድ በአንድ አጠለቁ። ከዚያ የኮታቸውን ዚፕ ሳቡት፤ ያ ሲተኩሱት ያመሹት ክራባት ከሆዳቸው ጀምሮ እየተሸፈነ ሄዶ፣ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ዚፑ ያዘ። ወደ ላይ ቢሉት አልሄድ አለ። ወደ ታች ቢመልሱት እንቢ አለ። እህተማርያም ልታግዛቸው እጇን ሰደደችና፣ ዚፑን እስከ ታች ድረስ ከፈተችው።

«ይምጡ» አለች። ለምን እንዳለችው ራሷም አታውቅም።

ጠረጴዛው ጋ ቀኝ እጇን አነሣች። ገላኔ መሐላውን አነበበችላት፤ እህተማርያም «እምላለሁ» አለችና፣ ቀኝ እጇን ሳታወርድ በግራዋ ፈረመች። ፊርማዋ የእሷን አይመስልም ነበር።

ቀይ ጢሙ ሰውዬ ከወንበሩ ተነሣ።

ወደ እሷ አልመጣም። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ወዳንጠለጠለችው አሮጊት፣ ወደ ዋናዋ አስፈጻሚ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ያንሾካሹክ ጀመር። እህተማርያም የምታየው አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በጣቱ ወደ እነሱ ጠቆመ። አንድ ጊዜ ወደ ጫማው። አሮጊቷ የሚሞላ ወረቀት ሰጠችው፤ ጻፈ፤ ፈረመ። ሹራብ የምትሠራው ሴትዮ መሥራቷን አቆመች።

ዋናዋ አስፈጻሚ መጥታ ለገላኔ ነገረቻት። ገላኔ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እናቴ፣ ይኼ ሰውዬ ትናንት እቤታቸው ሄጄ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ የጫማው ባለቤት ሞቷል ብለውኛል ይላል። እውነት ነው?»

ማምለጫው እኮ አፏ ላይ ነበር! ባለቤቷ የእውነት ሞቷል፤ ቅዳሴ አስቀድሳ፣ ተዝካሩን አውጥታለች። ስለ እሱ ነው ያወራሁት፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ሳንግባባ ቀረን ብትል ማን ይጠይቃታል? ቀይ ጢሙ ራሱ ይቅርታ ይጠይቃታል። አፏን ከፈተች። ግን ቀኝ እጇ ገና አልወረደም ነበር፤ ረስታው ከአየር ላይ ቀርቷል። አየችው።

«ዋሽቼ ነው» አለች።

ገላኔ እርሳሷን አስቀመጠች። «ምን ብዬ ልንገራት?»

«ዋሽታለች በያት። በር አንኳኳ፤ ባጅ አለው፤ ሌላ ማን አለ ሲለኝ ሰው ሊወስዱ የመጡ መሰለኝ። ፈርቼ ገደልኳቸው።»

ገላኔ ተረጎመች፤ ምንም ሳታስቀር። የሰውዬው ፊት ከአንገቱ ጀምሮ እየቀላ ሄዶ ከጢሙ ጋር አንድ ሆነ። አሮጊቷ መነጽሯን አድርጋ፣ አውልቃ፣ እንደገና አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«በር ላይ ለቀስቃሽ መዋሸት ወንጀል አይደለም ትላለች» አለች ገላኔ። «እዚህ መዋሸት ነው ወንጀል። አሁን በማሉት መሠረት ይኼ ሰው ከእርስዎ ጋር ይኖራል?»

«ይኖራል።»

ቀጥሎ ጋሼ ሰረቀብርሃን እጃቸውን አነሡ። ክንዳቸውን የያዘ ሰው ስላልነበረ ከፍ አድርገው ነው ያነሡት።

«አባባ፣ የት ነው የሚኖሩት?»

«እሷ ዘንድ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስቀል።»

ገላኔ መስቀል መቼ እንደሆነ ለአሮጊቷ አስረዳች።

«የት ነው የሚተኙት?»

«ሳሎን፣ ሶፋው ላይ። ለጀርባ አይሆንም፤ ይኼንንም ንገሪያት።»

ነገረቻት። አሮጊቷ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጻፈችና፣ ለቀይ ጢሙ አሳየችው። ሰውዬው አንብቦ ራሱን ነቀነቀ፤ ተመልሶም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ወደ እነሱ አላየም።

«ይምረጡ» አለች ገላኔ፣ የድምፅ መስጫውን ወረቀት ለጋሼ ሰረቀብርሃን እየሰጠች።

እህተማርያም የራሷን ቶሎ ጨርሳ በሩን እያየች ቆመች። ያልፋል ብላ አላመነችም። ሰዎቹ አሁን ይመጣሉ፤ ወይ ነገ። ጋሼ ሰረቀብርሃን ከመጋረጃው ኋላ አይወጡም። ሁለት ስም ብቻ ያለበት ወረቀት ላይ ሰው ምን ያህል ይቆያል? ክራባታቸውን እያስተካከሉ ሳይሆን አይቀርም፣ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«እስከ መቼ ነው የምጠየቅባቸው?» አለቻት ገላኔን።

«በማን?»

«በእሳቸው። ዋስትናው መቼ ነው የሚወርድልኝ?»

«በምንም አይጠየቁም እናቴ። እዚህ ይኖራሉ አሉ፤ አበቃ።»

እህተማርያም አመሰገነቻት፤ አላመነቻትም። እንዲህ ቀላል ነገር ከሆነ ምን አስማላቸው?

በመጨረሻ ጋሼ ሰረቀብርሃን ወጡ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ማሽኑ ውስጥ አስገቡት፤ ማሽኑ ሲውጠው ትንሽ ደንገጥ አሉ። ክብ ቀይ ተለጣፊ ተሰጣቸው፤ ክራባታቸው ላይ ለጠፉት። በመኪና ማቆሚያው በረዶ ላይ እህተማርያም ክንዳቸውን ልትይዝ ብትል ቀስ ብለው አስለቀቋት።

መኪና ውስጥ ገብታ ቁልፉን ያዘች፤ አላስነሣችም። በመስታወቱ ኋላዋን አየች፤ ማንም የለም። እንደገና አየች።

«ጋሼ» አለች። «በሞቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ነፍሴ ልትወጣ የደረሰችው ለማን ብዬ ነው? ለፋርማሲዋ ነው ወይስ ለአውቶቡሱ ሰውዬ?»

ጋሼ ሰረቀብርሃን የመቀመጫ ቀበቷቸውን ሳብ አድርገው አሰሩ። ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣

«ዋስ ሆንሽ እንጂ፣ የነፍስ አባቴ መቼ ሆንሽ?» አሉ።